ውሃ የጠጣው ምስክር

ጋሽ ስድስት በዕድሜው ባሕር ተሻግሮ አያውቅም፤ የላከው ኮምጣጤ ግን ያልደረሰበት ወደብ የለም። ስድስት የተባለው ልጅ በዝቶለት እንዳይመስላችሁ። ልጅስ አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም አግብታ ወጥታለች። ኮምጣጤው ስድስት በመቶ ካልጠነከረ ከግቢ አይወጣም እያለ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ሲያማርር የኖረ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆነ ነው። አምስት ነጥብ ስምንት ሲመጣለት "ይደር!" ይላል። "ኧረ ጋሽዬ፣ መርከቡ ነገ ይነሣል" ሲሉት "እንግዲያው መርከቡም ይደር!" ይላል። መርከብ ለእሱ ብሎ እንደማያድር ያውቃል፤ ግን እንዲህ ማለት ደስ ይለዋል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከበርሜሎቹ ትንሽ ትንሽ ቀድቶ ያዋህዳል፣ ከዚያ ላይ በልክ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ሁለት ጠብታ ቀለም ለዋጭ መድኃኒት ይጨምርበታል፣ ከዚያ ከቀጭን የመስታወት ቱቦ ሶዳ በጠብታ በጠብታ እየለቀቀ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። ኮምጣጤው ብርቱ ከሆነ ብዙ ሶዳ ይጠጣል፣ አይበገርም። ደካማ ከሆነ ገና በጥቂቱ ሮዝ ይሆናል። ጋሽ ስድስት ቶሎ ሮዝ የሚሆን ኮምጣጤ ሲያጋጥመው ልክ ልጁ ፈተና የወደቀችበት አባት ይመስላል፤ መነጽሩን ያወልቃል፣ ግንባሩን ያሻል፣ በርሜሉን ዞሮ ያየዋል። ኮምጣጤውን ለምን እንዲህ እንዳደረገ የሚጠይቀው ይመስላል።

ከእያንዳንዱ ጭነት ደግሞ አንድ ጠርሙስ ለብቻው ይሞላል። አፉን በቀይ ሰም ያሽጋል፣ ሰሙ ሳይደርቅ በነሐስ ማኅተም ይጫነዋል፣ ቀኑንና የመርከቡን ስም ይጽፍበታል። ይህ ጠርሙስ "ምስክር" ይባላል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ "የላካችሁት ልክ አይደለም" ያለ ቀን ምስክሩ ተከፍቶ ይለካል፣ ነገሩ ያልቃል። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነና ሙቀቱ ጠርሙስ ስለማያስቀምጥ፣ የፋብሪካው የድሮ ባለቤት ነፍሳቸውን ይማርና "አንተው ቤት ወስደህ አስቀምጥልን" ብለውት ነበር። እነሆ ምስክሮቹ ከቤቱ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ዕቃ ቤት፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ፣ በረድፍ ቆመው ይኖራሉ፤ ዓመት ሲለወጥ አሮጌዎቹ ይደፋሉ። ማኅተሙና ሰሙም እዚያው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ቁልፉስ? ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ምን ይደረግ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ገዢ ተጣልቶ ምስክር አስከፍቶ ስለማያውቅ ማንም ይህን ነገር አላሰበበትም።

የሚያስቀው ግን ይሄ ነው፤ በዚህ ሁሉ ኮምጣጤ መካከል የሚኖር ሰው ማድ ቤቱ ውስጥ ኮምጣጤ አያስገባም። "የቀኑ ይበቃኛል" ይላል። ሚስቱ ሰላጣ ስትሠራ ሎሚ ትጨምቃለች። እሱ ራሱ ከኮቱ እስከ ካልሲው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ቤተሰቡ ግን ለምዶታል። በዚያ ቤት ውስጥ ሙሉ በርሜል ቢፈስ "አባወራው መጣ" ይባላል እንጂ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ለትዳር ሲጠይቅም ይሄው ሽታ ነበር ችግር ያመጣበት። የልጅቱ አጎቶች አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁበት። "ይሄ እንኳን ለትዳር ለሰላምታም አይሆን" አሉ። ያን ጊዜ የልጅቱ እናት ከጥልፋቸው ቀና ብለው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ኮምጣጤ የማይበላሽ ነገር ነው። የማይበላሽ ሰው ካገኘሁ ሽታውን እችለዋለሁ" አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ጋሽ ስድስት ይህን ውለታ ረስቶት አያውቅም፤ በቃል ተናግሮት ግን አያውቅም።

አማቱ፣ እማማ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ እነሱ ዘንድ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ስላለ ምድር ቤት፣ ከዕቃ ቤቷ ጎን ያለው ክፍል ተሰጣቸው። ቀን ቀን የትራስ ልብስ ይጠልፋሉ። ስፌታቸው በማስመሪያ የተሰመረ እንጂ በእጅ የተሠራ አይመስልም። ማታ ማታ ራት ላይ አማቻቸው ስለ መርከብ ሲያወራ ያዳምጣሉ፤ እሱ ደግሞ ስለ መርከብ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው እንቅልፍ ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው አለቃ፣ የድሮው ባለቤት ልጅ፣ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ መለኪያ ክፍሉ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሽዬ፣ ትልቁ ደንበኛችን ከሰሰን። ያለፈው ጭነት አራት ተኩል ነው ይላል። ውሃ ሸጣችሁልኝ ነው የሚለው።"

"ማን? እኔ? ውሃ?"

"መርማሪ ልኳል፣ ነገ ትመጣለች። ምስክሩ ስድስት ካለ እንድናለን። ካላለ ግን ጭነቱን ይመልሰዋል፣ ለሌሎቹም ይናገራል። ከዚያ በኋላ ማን ከእኛ ይገዛል?"

ጋሽ ስድስት ደረቱን ነፋ። በርሜል የሚያንከባልሉት ሠራተኞች ሁሉ እየሰሙ፣ "የእኔ ምስክር አይዋሽም!" አለ። "ምስክሬ ከስድስት በታች ከተናገረ በማግሥቱ ማኅተሙን አስረክቤ እወጣለሁ። ጨርሻለሁ!" አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በማግሥቱ መርማሪዋ መጣች። ቀጭን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣ ሰላምታዋ እንኳ የተለካ ሴት ናት። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። እሷም ጎንበስ ብላ በማጉያ መነጽር አየችው።

"እንዴት ያለ ጥንቁቅ እጅ ነው ያለዎት!" አለች። "ሰሙ አልፈሰሰ፣ ማኅተሙ ቀጥ ያለ። እንዲህ ያለ እሽግ አይቼ አላውቅም።"

ጋሽ ስድስት ፈገግ ሊል ጀመረና መንገድ ላይ ቀረ። የእሱ ማኅተም ቀጥ ብሎ አያውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነው፤ የድሮው ባለቤት "ማኅተምህ ጠጥቶ ነው የሚያድረው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ይሄኛው ግን ልክ እንደ ጥልፍ ተስተካክሏል። እቤቱ ውስጥ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር የሚሠራ እጅ አንድ ብቻ ነው።

መርማሪዋ ሰሙን ሰበረች፣ ቀዳች፣ መድኃኒቱን ጨመረች፣ ሶዳውን ትለቅ ጀመር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አለቃዋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ገና ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ብርጭቆው ሮዝ ሆኖ ቀረ። መርማሪዋ ቁጥሩን አንብባ ደገመችው። ሦስተኛ ለካች።

"አራት" አለች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። "ግን አልገባኝም። ከሳሹ አራት ተኩል ሲል የራሳችሁ ምስክር አራት ይላል። እንዴት ነው ምስክር ከከሳሽ የሚብሰው? ይህን ጠርሙስ ሰው ነክቶታል?"

እንግዲህ ጋሽ ስድስት በዚያች ቅጽበት አፉን ቢከፍት ይድን ነበር። "አማቴ ናት የከፈተችው" ማለት ብቻ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ሁሉም አፍንጫውን ሲይዝበት ያልያዙትን ሴት ሌባ ሊያደርጋቸው ነው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እሱ ዳዋውን መሆን መረጠ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ሌላ ነገር አትጠይቁኝ።"

"ጋሽዬ!" አለች አለቃዋ።

"የእኔ ነው አልኩ እኮ።" እንዲህ ሲል ደረቱ ትንሽ ተነፍቶ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ሲወድቅም ኩራቱን ይዞ ነው የሚወድቀው።

ማታ ራት ላይ ስለ መርከብ አላወራም። ሚስቱ የሾርባ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ምነው? አመመህ እንዴ?"

"ከነገ ጀምሮ ቤት ነኝ። ምስክሩ አራት አለ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እለቃለሁ።"

"እንዴት አራት? አንተ? ኧረ የሆነ ነገር አለ!"

"የለም። ሾርባሽን ጠጪ።" ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሣም፤ ወደ እማማ በኩል ማየት ፈርቷል። እማማ ግን ማንኪያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀርተዋል።

"የትኛው ጠርሙስ ነው?" አሉ።

"ከላይኛው ረድፍ ዘጠነኛው፣ እማማ። ተዉት፣ አያስጨንቅዎ።"

እማማ ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ስድስት ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። መርማሪዋም ወረቀቷን እየጻፈች ነበር። አለቃዋ ማኅተሙን ልታነሣው አልቻለችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና እማማ በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው ደግሞ አንድ ተራ የውሃ ብርጭቆ ይዘዋል።

"አማቼን ውሃ ሸጠ ያልሽው አንቺ ነሽ?" አሉ መርማሪዋን።

"እኔ አላልኩም እማማ። ጠርሙሱ ነው ያለው።"

"ጠርሙሱን እንዲህ ያስባልኩት እኔ ነኝ።" ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። "በዚች ብርጭቆ አንድ ቀዳሁ። አንድ ብቻ። በዚችው ብርጭቆ አንድ ውሃ መለስኩ። ያጎደሉትን መሙላት ነውር ነው እንዴ? ከዚያ ሰሙን አቅልጬ አሸግሁት። የእሱማ አስተሻሸግ ሲያዩት ያሳፍራል።"

ጋሽ ስድስት "እማማ፣ ኧረ ይተዉ!" ቢልም የሚሰማው አልነበረም።

"ለምንድን ነው የቀዱት?" አለች መርማሪዋ።

"ለጉልበቴ ነዋ! ሞቅ አድርጌ ሳሸው ይለቀኛል። እዚያ ቤት ደግሞ ከእነዚያ ጠርሙሶች ሌላ ኮምጣጤ የለም፣ ይሄ ሰውዬ ከልክሏል።"

መርማሪዋ ብድግ አለች። ባዶ የምስክር ጠርሙስ አስመጣችና በእማማ ብርጭቆ ውሃ እየለካች ሞላችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጠርሙሱ ጢም አለ።

"ሁለት እጅ ኮምጣጤ፣ አንድ እጅ ውሃ" አለች ቀስ ብላ። "ስድስት የነበረው ልክ አራት ይሆናል።" ከዚያ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። "እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ከሳሹ ግን አማት ለአማቿ ብላ የፈጠረችው ነው ቢል ምን እመልሳለሁ?"

እማማ ገርሟቸው አዩአት። "ከአንዱ ብቻ ነው የቀዳሁት ያልኩሽ መሰለሽ?"

መርማሪዋ ብዕሯን መልሳ አነሣች።

"በየወሩ አንድ ነው" አሉ እማማ። "ከግራ ጀምሬ በተራ። ዘጠኝ ደርሻለሁ። ከአንዱም አላበዛሁ፣ ከአንዱም አላሳነስኩ። አድልዎ አልወድም።"

ወይ ጉድ! አለቃዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። መርማሪዋ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ በራ። መኪና ተልኮ ከደረጃ ሥር ያሉት ምስክሮች በሙሉ መጡ። አለቃዋም የየጭነቱን ወረቀት ከመዝገብ ቤት አወጣች። ከተለካው ሌላ እማማ የነኳቸው ስምንት ጠርሙሶች የእያንዳንዳቸው ጭነት ባሕር ማዶ ሲደርስ ተለክቶ፣ "ስድስት ሆኖ ደርሶናል" ተብሎ ተፈርሞበታል። ከስምንቱ የሁለቱን ፈራሚ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ያው ከሳሹ ራሱ!

እንግዲህ ስምንቱም አራት ካሉ ውሃው የገባው ከደረጃው ሥር ነው እንጂ በርሜል ውስጥ አይደለም። መርማሪዋ መለካት ጀመረች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስድስት ሲለምን የኖረ ሰው ያን ቀን ጥግ ይዞ ቆሞ አራት ለመነ። የመጀመሪያው ሮዝ ሆነ። "አራት።" ሁለተኛው። "አራት።" ሦስተኛው ላይ ጋሽ ስድስት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እማማ ቀድመው ተቀምጠው "አላልኩሽም?" እያሉ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ስምንተኛውም "አራት" አለ። መጨረሻ ላይ ማኅተሙ ወደ ግራ ያዘነበለ የአዲሱ ጭነት ጠርሙስ ቀረ፤ ተራው ያልደረሰው።

"የዚህ ወር እሱ ነበር" አሉ እማማ በቅሬታ።

ተለካ። "ስድስት" አለች መርማሪዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቀች። "በሥራ ዘመኔ እንዲህ በልክ የሰረቀ ሰው አላየሁም።"

"ሌባ አትበይኝ!" አሉ እማማ ቆጣ ብለው።

"ይቅርታ እማማ።"

ወረቀቱም እንደዚያው ተጻፈ፤ ጥርጣሬው ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ሄደ። አለቃዋ ማኅተሙን ከነመሐረቡ ወደ ጋሽ ስድስት ገፋችለት። "ይሄን ይውሰዱ ጋሽዬ። ጠርሙሶቹ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቢሮ ነው የሚቀመጡት። ቁልፉም በኪሴ።" ጋሽ ስድስት ራሱን ነቀነቀና ማኅተሙን ኪሱ ከተተ።

ወደ መኪናው ሲሄዱ እማማ ክንዱን ተደግፈው ነበር። እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው፤ እንዲህ ዝግ ያለ መሆኑን ጋሽ ስድስት ያስተዋለው ገና ያን ዕለት ነው።

"እማማ፣ ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ጀሪካን አመጣልዎት ነበር እኮ።"

እማማ ቆም አሉ።

"አልጠየቁኝም ትለኛለህ? የመጣሁ ሰሞን ራት ላይ ጠየቅሁህ። እሺ እማማ አልከኝና ስለ መርከቡ ቀጠልክ። በሳምንቱ ደገምኩልህ። እሺ እማማ አልከኝ፣ ማዕበል ስለመታው መርከብ ነበር የምታወራው። ሦስተኛም ጠየቅሁህ፣ ሦስተኛም እሺ አልክ። ሦስት ጊዜ እሺ ያለ ሰው ፈቅዷል ብዬ ራሴ ቀዳሁ። ስርቆት መስሎኝ ቢሆን ኖሮ በብርጭቆ እለካ ነበር?"

ጋሽ ስድስት ለማስታወስ ሞከረ። መርከቡን አስታወሰው፣ ማዕበሉን አስታወሰው፣ የካፒቴኑንም ነገር አስታወሰ። የእማማን ጥያቄ ግን ሦስቱንም አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማም። ትናንት ደረቱን ነፍቶ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሲል ለሰው ብሎ የዋሸ መስሎት ነበር። ለካ እውነቱን ነው የተናገረው። አፈረ፤ ደግሞ ያፈረው አዛውንቷን እንደ ትልቅ ሰው ይቅር ብሏቸው ስለነበር ነው።

"አጠፋሁ እማማ" አለ።

"በል ደግፈኝ፣ መንገድ ላይ አታቁመኝ።"

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከባሕር ማዶ አጭር ደብዳቤ መጣ። የገዢው ማጠራቀሚያ ታጥቦ ውሃው ሳይፈስ ኮምጣጤው እንደተገለበጠበት ተረጋግጧል፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሚቀጥለውን ጭነት ይጠብቃሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው። አለቃዋ ደብዳቤውን ለሠራተኛው ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፣ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ስድስት በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ለአንድ ወር የራት ወሬ ያደርገው ነበር።

ማታ ቤቱ ሲገባ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፣ በክንዱ ደግሞ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዟል። ሚስቱ ሳህን ትዘረጋለች፣ እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጀሪካኑን አጠገባቸው አስቀመጠና ኮቱን ሳያወልቅ እፊታቸው ተቀመጠ።

"እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?"

እማማ ክር የያዘ እጃቸውን አቆሙ። እሱን አዩት፣ ጀሪካኑን አዩት፣ እንደገና እሱን አዩት። ከዚያ ጥልፋቸውን ወደ ጎን አድርገው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

"ጉልበቴን ተወውና" አሉ፣ "መርከቡ ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"